መጨረሻውን ፍለጋ እስከ ፔካ 12

ሐምሌ ላይ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ጤነኛ ሰው የለም ብለውኝ ነበር። ልክ ነበሩ። እኔ ግን የምወርድበት ምክንያት ነበረኝ፤ ቢያንስ ስነሳ ምክንያት ይመስለኝ ነበር። ሦስት ዓመት የታገልኩት ልብ ወለድ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይቀረዋል፤ እሱም የመጨረሻው። ታሪኩ የሚያልቀው ጅቡቲ ከተማ ነው፤ እኔ ደግሞ ጅቡቲን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ስለዚህ ምዕራፉ ያላለቀው ሰንፌ ሳይሆን ቦታውን ስላላየሁት ነው አልኩ። ለራሴ አልኩ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ አልኩ፣ በመጨረሻም ለባለቤቴ ለገነት አልኳት። የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ስለሆንኩ ክረምቱ የእኔ ነው።

ገነት የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና ሳትል "አምና የጎደለህ ጠረጴዛ ነበር" አለችኝ። "ካቻምና ጸጥታ።"

"የአሁኑ ይለያል። ቦታውን ካየሁት ይወጣልኛል።"

"መጨረሻውንማ ስንቴ ነገርከኝ። ሰብለ ስታገባ ነገርከኝ፣ ሰብለ ስትሞት ነገርከኝ፣ ገዳም ስትገባ ነገርከኝ።" ሸሚዜን አጣጥፋ ቦርሳዬ ላይ አስቀመጠችው። "ሂድ። ግን ጽፈኸው ካልመጣህ ይሄን መጽሐፍ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ። ደክሞኛል።"

በቁጣ ብትናገረው ይሻለኝ ነበር። ረጋ ብላ ስለተናገረችው ፈራሁ። እያንዳንዱን ምዕራፍ መጀመሪያ ያነበበችው እሷ ናት። አሳታሚው መደወል ካቆመ ቆይቷል፣ ጓደኞቼም መጠየቅ ትተዋል። ይህን መጽሐፍ የሚጠብቅ ሰው እሷ ብቻ ቀርታ ነበር። እሷም ከተወችው አለቀለት ማለት ነው።

ከአዳማ እስከ ጋላፊ

ከአዲስ አበባ መጥቼ አዳማ ላይ የተሳፈርኩት ከገነት የአክስት ልጅ ከታደለ ጋር ነው። ታደለ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ባዶውን ወርዶ ማዳበሪያ ጭኖ ይመለሳል። መንገድ ሳንጀምር ውሉን ነገረኝ። "ጭነት እስኪደርሰኝ ፔካ 12 ተራ እጠብቃለሁ። መቼ እንደሚደርሰኝ እኔም አላውቅ። ልክ እንደጫንኩ እደውልልሃለሁ፤ ያን ጊዜ ሥራዬን አልጨረስኩም የሚባል ነገር የለም፣ ቲቸር።" ፔካ 12 ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ያለ፣ የእኛ ሾፌሮች መኪናቸውን አሰልፈው የሚከርሙበት ሰፈር ነው።

ከአዳማ ስንወጣ ይዘንብ ነበር። አዋሽን ስናልፍ ሰማዩ ጠራ፤ ገዋኔ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሚሌ ስንደርስ ሸሚዜም ከበደኝ። ሎጊያ አደርን። የፍየል ጥብስ በልተን ደጅ በተዘረጋ የሽቦ አልጋ ላይ ተኛን፤ ክፍል ውስጥ መተኛት አይታሰብም። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ድንጋይ፣ አቧራና መንገዱን የሞሉ ተሳቢዎች ናቸው። አንዳንዱ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ የቀረ የመኪና አጽም ይታያል። ታደለ በእያንዳንዱ አጠገብ ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋል።

ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነበር። መንገዱ ሲያንገጫግጨን እስክሪብቶው ገጹን ቧጨረው። ታደለ በዓይኑ ጥግ አይቶ "እዚህ መንገድ ላይ ምን ይጻፋል" አለኝ። ደብተሩን ስዘጋ ደስ እንዳለኝ አልክድም፤ ማንም የማይከራከረኝ ምክንያት አገኘሁ። ጋላፊ ድንበር ላይ ግን ወረቀታችን እስኪታይ ግማሽ ቀን ቆምን። መኪናው ዝም ብሎ ቆሟል፣ ጥላም ነበረኝ። ስልኬን ስነካካ ዋልኩ።

ጋቦዴ

ያረፍኩት ጋቦዴ፣ እትዬ አስካለ ቤት ነው። አባታቸው በምድር ባቡር ዘመን ለሥራ ወርደው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። እትዬ አስካለ ጅቡቲ ተወልደው ጅቡቲ አርጅተዋል፤ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፣ ሲቆጥሩ ግን ፈረንሳይኛው ይቀድማቸዋል። የሚያከራዩትን ክፍል ሲያሳዩኝ "ቫንቲላተሩ ደህና ነው። ኩራን ከጠፋ ግን እንደኛው ትቀመጣለህ" አሉኝ። ኩራን የሚሉት መብራቱን፣ ቫንቲላተር የሚሉት ደግሞ የጣሪያ ማራገቢያውን ነው። መብራቱ በዚያ ወቅት አልፎ አልፎ ይመጣል ማለት ይቀላል።

በመጀመሪያው ጠዋት በቁርጠኝነት ተነሳሁ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። ከምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋውን ይዞ ገባና ገጹ ላይ ተነሰነሰ። መስኮቱን ዘጋሁ፤ ላቤ ቀለሙን አበላሸው። ጠረጴዛውን ቫንቲላተሩ ሥር አመጣሁ፤ ወረቀቱ ተበተነ። ወረቀት የሚይዝ ድንጋይ ፍለጋ ወጣሁ። ድንጋዩን ስፈልግ ባሕሩ ታየኝ። ባሕሩን ያየ ሰው ደግሞ ጥቂት ሳይራመድ አይመለስም። ስመለስ ምሳ ደርሶ ነበር፤ ድንጋዩንም ረስቼዋለሁ።

በማግስቱ ስንፍናዬን ጥናት ብዬ ጠራሁት። ሰብለ፣ ማለትም የልብ ወለዴ ባለታሪክ፣ ጅቡቲ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። ግርማ የሚባል ሾፌር ትወዳለች። ግርማ በየወሩ እየወረደ ይመጣ ነበር፤ ከዕለታት አንድ ቀን መምጣቱን ያቆማል። በመጨረሻው ምዕራፍ ሰብለ ምን እንደምታደርግ ነው መጻፍ ያቃተኝ። እናም "ሰብለ በዚህ መንገድ ሳትሄድ አትቀርም" እያልኩ ከተማውን አሰስኩት። የድሮውን ባቡር ጣቢያ ፎቶ አነሳሁ። በሚኒባስ ባልባላ ድረስ ሄጄ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደገፈባቸውን ሰፈሮች አየሁ። የመናውያን ከመሃል ሰንጥቀው በእሳት ምድጃ የሚጋግሩትን ዓሣ ከሰፊ ቂጣ ጋር በላሁ፤ ከሺህ ፍራንክ በላይ ወጣብኝ፣ አልቆጨኝም። በእያንዳንዱ ቦታ ሰብለ ትኖራለች፣ ምዕራፉ ውስጥ ግን የለችም።

ማታ እትዬ አስካለ "ዛሬስ ጻፍክ?" አሉኝ።

"ቦታ እያየሁ ነው፣ እትዬ።"

"ለመቼ ነው የምትጨርሰው?"

"መኪናው እስኪጭን ነው" አልኩ።  ከዚያ ጀምሮ ስልኬ በጮኸ ቁጥር የታደለ ድምፅ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። መደንገጡ ግን ወደ ጠረጴዛው አልመለሰኝም፤ እንዲያውም ራቅኩ።

ከቀትር በኋላ

ጅቡቲ እኩለ ቀን ላይ አንድ ነገር ትጠብቃለች፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ጫት። መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ ሲገቡ መንገድ ዳር እርጥብ ጆንያ የዘረጉ ሴቶች ይከበባሉ። ወዲያው መሥሪያ ቤቱም ሱቁም ይዘጋል፣ ከተማው ጭር ይላል። ይህን ጸጥታ ነበር አዲስ አበባ ሆኜ የተመኘሁት። ግን የእትዬ አስካለ ወንድም ሙሴ ፍሬው፣ ወደብ ላይ የዕቃ ማስለቀቅ ሥራ የሚሠሩ ሰው፣ በሩን አንኳኩ። "መምህር፣ በዚህ ሙቀት ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ያብዳል። ና እኛ ጋ" አሉኝ።

መብረዝ የሚሉት የመቃሚያ ክፍል ምንጣፍና መከዳ ብቻ ነው። እዚያ የተዋወቅሁት ሐሰን የሚባል ሶማሊ ባለታክሲ ነበር፤ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው እንደ ውኃ ይፈስሳል። ሙሴ ፍሬው ምን እንዳመጣኝ ጠየቁኝ። ልብ ወለድ ልጨርስ ነው አልኩ። ስለ ምን? አሉ። ነገርኳቸው።

ምርቃናው ሲመጣ ምላሴ ተፈታ። በሦስት ዓመት ውስጥ ያልመጣልኝ ሁሉ በአንድ ከሰዓት መጣ። ሰብለ ፔካ 12 ቆማ ስትጠብቅ የግርማን መኪና ታያለች፤ መሪው ላይ ግን ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሰብለ መኪናው ላይ ትወጣና ግርማን ፍለጋ አገር ቤት ትሄዳለች።  ሐሰን ቅጠሉን እጁ ላይ ይዞ "ወላሂ እቺን ሴት ሳላውቃት አልቀርም" አለ። ለደራሲ ከዚህ የሚጣፍጥ ነገር የለም። ሙሴ ፍሬው በበኩላቸው "የመኪናውን ቀለም ንገረኝ እስቲ" አሉ። ቀለሙንም ነገርኳቸው።

ማታ እንደጻፈ ሰው ደክሞኝና ረክቼ ተኛሁ። ጠዋት ጠረጴዛው ፊት ስቀመጥ ግን ያ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ የቀዘቀዘ ወጥ ይሆንብኛል። ስለዚህ ቀትርን መጠበቅ ጀመርኩ። ከሰዓት ተመልሼ ሄድኩ፣ እንደገና ነገርኳቸው፣ አሳመርኩት። በሦስተኛው ቀን ሐሰን ሁለት እንግዶች ይዞ መጣ፤ ለነሱም ነገርኩ።

በዚያው ቀን ገነት ደወለች። "እንዴት ነው?" አለች።

"ተገኘ" አልኳት። "መጨረሻው ተገኘ። ምን መሰለሽ፣ ሰብለ..."

"አትንገረኝ" አለችና ዘጋችው።

 አልተቆጣሁም፣ አፈርኩ። ክፍሌ ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩት፤ ከጋቦዴ ጀምሮ የጻፍኩት ግማሽ ገጽ አይሞላም፣ እሱም ተሰርዟል። እዚያው ላይ ኩራን ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የፈራሁት መጣ። ታደለ ደውሎ "ጫንኩ። ወረቀቱ ዛሬ ያልቃል፣ ነገ ማለዳ እንወጣለን። ዕቃህን ይዘህ ለምሳ ና" አለኝ።

ፔካ 12

እትዬ አስካለን ተሰናብቼ በባልባላ በኩል በሚኒባስ ወጣሁ። መኪኖቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዓይን እስኪደክም ተሰልፈዋል። ከሥራቸው ገመድ ተወጥሮ ልብስ ተሰጥቷል፤ ሾፌሮች ጎማ ተደግፈው ተኝተዋል። ታደለ በሸራ ጥላ ሥር ካለ ምግብ ቤት ወሰደኝ። ስድስት ሰባት ሾፌሮች አንድ ትሪ ከበው ነበር፤ ቦታ ሰጡን። ቦጋለ የሚባል ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሾፌር ወሬ ይዞ ነበር።

"እና እቺ ሰብለ የምትባል" አለ ቦጋለ፣ "እዚሁ ከተማ ምግብ ቤት የነበራት ሴት ናት። ግርማን አብልታ አጠጥታ፣ በኋላ በገዛ መኪናው ከሌላ ሾፌር ጋር ተሳፍራ ጠፋች። እሱ በብስጭት ነው የሞተው።"

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። "ይሄን ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ማን ያልነገረኝ አለ? ሐሰን ባለታክሲው ሴትዮዋን ያውቃታል። ትናንት ሰው አድርሶ ሲመለስ እዚሁ ተቀምጦ ነው ያወራን።"

"ሰብለ አልከዳችውም። ልትፈልገው ነው የሄደችው።"

"አንተ ደግሞ ምኗ ነህ?"

"እኔ ነኝ የፈጠርኳት" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም የዕብድ ንግግር መሰለኝ። ሾፌሮቹ ሳቁ። "ልብ ወለድ ነው። ሰብለም ግርማም የሉም" ብዬ ጨመርኩ።

ሳቁ ድንገት ቆመ። ከትሪው ማዶ የተቀመጡ ሽበታም ሾፌር እጃቸውን ሰበሰቡ። "ግርማ የለም ትላለህ?" አሉኝ። "መኪናው ሲገለበጥ ግርማን ከቁልቁለቱ አውጥቼ የገነዝኩት እኔ ነኝ። ሚስቱ አዳማ ልጆች ይዛ ተቀምጣለች። ይሄ ወሬ ነገ ከነገ ወዲያ እሷ ዘንድ ይደርሳል።"

 እነሱ የሚያወሩት ስለ ሌላ ግርማ ነበር፤ እውነት ስለነበረ፣ አብሯቸው ተራ ስለጠበቀ፣ በዚህ መንገድ ላይ ስለሞተ ጓደኛቸው። የእኔን ወሬ ሲሰሙ ስሙ ገጠመላቸውና በእሱ ላይ ለጠፉት። መብረዝ ውስጥ ተንጋልዬ የለቀቅሁት ቃል የማላውቀውን ሟች ስም ይዞ ወደ አንዲት ሴት ቤት እየሄደ ነው።

"እኔ የምለው የራሴን መጽሐፍ ነው" አልኩ። "የእናንተን ግርማ አላውቀውም። ስሙ ተገጣጥሞ ነው።"

ቦጋለ ተነስቶ ቆመ። "የታለ መጽሐፉ?" አለኝ። "አሳየና።"

ሁሉም ጠበቁኝ። ያለቁት ምዕራፎች አዲስ አበባ ቀርተዋል፤ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ደብተር ደግሞ የሚነበብ ገጽ አልነበረውም። ታደለ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። መኪናው ጋ ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቲቸር፣ ስለማታውቃት ሴት ከሰው ጋር ትጣላለህ? እኔ እኮ ከነዚህ ሰዎች ጋር ነው የምውለው" አለኝ። በጣም ተቀይሞኝ ነበር። ወረቀቱን ሊጨርስ ሄደ፤ እኔ ጋቢናው ውስጥ ቀረሁ።

ሙቀቱ አይነገርም። ብረቱ ያቃጥላል፣ ዝንቡ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ከጎን ያለው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጮኻል። ለመጻፍ የማይመች ቦታ ምረጥ ብባል ከዚህ የባሰ አላገኝም። ደብተሩን አወጣሁ። መጀመሪያ የሾፌሩን ስም ሰረዝኩና ደምሴ አልኩት። ከዚያ መብረዝ ላይ ያሳመርኩትን መጨረሻ አሰብኩት፤ ሰብለ መኪናው ላይ ትወጣለች። ቦጋለ ያጣመመው ዝም ብሎ አይደለም፤ እኔው ነኝ ለጠማማ ወሬ አመቻችቼ የሰጠሁት። ሰብለ እንደዚያ አታደርግም። በደምሴ መኪና የመጣው አዲሱ ሾፌር ምግብ ቤቷ ገብቶ ይቀመጣል። እሷ ታቀርብለታለች። ደምሴ የት አለ ብላ ለመጠየቅ አፏን ትከፍትና ውኃ ልጨምርልህ ትለዋለች። ያ ሰው ደጋግሞ ይመጣል፣ ሰብለም ሳትጠይቀው ትከርማለች፤ እስካልጠየቀች ድረስ ደምሴ ገና መንገድ ላይ ነው። እኔም ሦስት ዓመት ያላለቀውን መጽሐፍ እንደዚያ ነው በሕይወት ያቆየሁት። ይህን ስጽፍ አለቀስኩ፤ ላብ ስለነበረ ማንም አያውቅም።

ጋላፊ

ማለዳ ወጣን። ታደለ እስከ ዲኪል አላናገረኝም። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ እኔ ግን ሰብለን ጥያቄው አፏ ላይ እንዳለ ጥያት ስለመጣሁ መቀመጥ አልቻልኩም። ጋላፊ ስንደርስ የመኪናው ሰልፍ አይንቀሳቀስም ነበር። ስልኬን አጥፍቼ ጫማዬ ውስጥ ከተትኩት። ታደለ ሞተሩን አጠፋና ኩርፊያው ትንሽ ስለለቀቀው ወደኔ ዞረ።

"እሺ፣ አንተ ያልከውን ልስማው። ሴትዮዋ ምን ሆነች?"

ከዚህ በላይ የፈተነኝ ነገር የለም። አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ ጊዜ ሞልቶት፣ ከልቡ መስማት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቃል ምላሴ ላይ ደርሷል። ብነግረው ይጣፍጠኛል፣ እሱም ይታረቀኛል፣ ከዚያ ጽሑፉ ያለቀ መስሎኝ አዲስ አበባ ባዶ ደብተር ይዤ እገባለሁ።

"አልነግርህም" አልኩት።

"ምን አደረግሁህ?"

"ምንም። ስጨርሰው ታነበዋለህ።"

"እኔ መጽሐፍ አላነብም" አለና ወርዶ በሩን አላተመው።

እሱ ውጭ ከሾፌሮች ጋር ሲያወራ እኔ ጻፍኩ። ሰብለ አንድ ቀን የሰውዬውን ትሪ አስቀመጠች፣ እጇን በመጎናጸፊያዋ አደረቀች፣ ከፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጠየቀችው። ሰውዬው ደምሴ ባለፈው ክረምት መሞቱን ነገራት። "ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል" አለችው። እስኪጨርስ ከፊቱ አልተነሳችም። የመጨረሻውን ነጥብ ሳደርግ ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ይነፉ ነበር፤ ሰልፉ ተንቀሳቅሷል። ታደለ ሮጦ ገብቶ መሪውን ያዘ። እስከ ሚሌ ድረስ አኩርፎኝ ቆየ።

አዲስ አበባ

ቤቴ የደረስኩት በዝናብ ነው፣ ከመምሸቱ በፊት። በመንገድ ላይ ጉዞው ያስተማረኝን አስቤ ጨርሼ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ስልኩን፣ ጫጫታውን፣ ሙቀቱን፣ ጠረጴዛውን ስከስ ኖሬያለሁ። በጣም የከፋው ጠላቴ ግን አፌ ነበር። አንድን ታሪክ ተናግሬው የማገኘው ደስታ ጽፌው ከማገኘው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚመጣውም ቶሎ ነው። ስለዚህ እጄ የሚሠራው አጣ። የሟቹ ግርማ ሚስት ወሬውን ሰምታ እንደሆን አላውቅም። ታደለን ለሽበታሙ ሾፌር ይቅርታዬን አድርስልኝ ብዬዋለሁ፤ ይህ ግን የተለቀቀውን ቃል አይመልሰውም።

ገነት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ሰላም ተባባልን። ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ መጽሐፉ አልጠየቀችም። ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ላብና አቧራ ጠጥቶ ገጾቹ ተጣብቀዋል፤ በጥፍሯ እያላቀቀች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ደምሴ የሚለው ስም ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ለማስረዳት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

ቆሜ ጠበቅኳት። ገጽ ስትገልጥ፣ ወደ ኋላ ተመልሳ አንዱን ገጽ ደግማ ስታነብ፣ እስከ መጨረሻው። ጨርሳም ደብተሩን አልዘጋችውም። መዳፏን ገጹ ላይ አደረገች።

"ይሄንን" አለችኝ፣ "አልነገርከኝም ነበር።"